ማስተካከያ፦ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የአእምሮ ሆስፒታል የገባ ሰው ዕድሜ ልኩን እዚያ ይቀራል?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ ከስልክ ስልክ የሚዞር ጽሑፍ አለ። ፍርድ ቤት ወደ አእምሮ ሆስፒታል የላከው ሰው ተመልሶ አይወጣም ይላል። ትክክል አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ከአንቀጽ 129 ጀምሮ እንደተጻፈው፣ ፍርድ ቤቱ ሰውየው ተቋም ገብቶ እንዲታከም ሲያዝ ጊዜውን በዓመት አይቆርጥም፤ ግን ውሳኔውን በየሁለት ዓመቱ መልሶ ማየት አለበት፣ የትእዛዙ ምክንያት ሲቀርም ትእዛዙ ይነሳል። ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ «እንደሞተ እንቁጠረው» ብሎ መጠየቅ ሲያቆም በጣም ያሳዝነኛል። እባካችሁ ጠይቁት፣ ጉዳዩንም ተከታተሉ።

«ታካሚ ማለት እስረኛ ነው» የሚለውም መታረም አለበት። አዎ፣ በሩ ይቆለፋል፣ ቀበቶና ምላጭ ይወሰዳል፤ ማንም እንዳይጎዳ ነው። ታካሚው ግን እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰውነቱ ሲገታተር ወይም እንቅልፍ ሲበዛበት ለሐኪሙ መናገር ይችላል፣ መናገርም አለበት፤ ከመድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል መጠኑ ይስተካከላል ወይም ይቀየራል።

ከወጣ በኋላ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ። መድኃኒቱን ግን ይዞ ይሂድ። በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን መልሶ ሊያመጣው ይችላል፣ ጸበሉና ክኒኑም አይጋጩም።