ለክቡር የነዳጅ መጠን ጠቋሚ መርፌ፣ ግማሽ ላይ ላሉት

ቁጥር፦ ባዶ/ግማሽ
ጉዳዩ፦ ሽማግሌ መኪና ስለማስገፋት

ክቡርነትዎ፣

ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ላይ ሆነው ላለፉት 2 ዓመታት ስለሰጡን የማያወላውል አመራር እናመሰግናለን። ዳገት ቢሆን ቁልቁለት፣ ፍስክ ቢሆን ጾም፣ እርስዎ ግማሽ ላይ ነዎት። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ደርሰን ስንመለስም ግማሽ።

ባለፈው እሑድ ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ወደ ደጀን ተነሣን። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ በእኔ አሮጌ ዲኤክስ። ማርቆስ ማደያው ጋ ሰልፉ አስፋልቱን ይዞ ተጠማዟል፤ ያው የምታውቁት ነው፣ መኪናው ውስጥ ያደረ ሰው መስተዋት ላይ ፊቱን ሲያብስ። እኔ ምን ቸገረኝ? አያ፣ ከሁሉም ትልቁ፣ «ልጄ፣ ነዳጅ አለህ?» ሲሉኝ በኩራት በጣቴ ወደ እርስዎ አመለከትኩ።

ሉማሜን እንዳለፍን ሁለቴ አስነጠሰችና ቀጥ አለች።

ጄሪካን ይዤ በባጃጅ ወደ ማደያ ተመለስኩ። «በጄሪካን አንሸጥም፣ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ።» በእሑድ ቀን! ተመልሼ ስደርስ አያ ከዘራቸውን ጣሪያው ላይ አጋድመው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ መኪናዬን ከአስፋልቱ ወደ ዳር እየገፉ ነበር።

እዚህ ላይ አንቱታው ይብቃ። ስማ አንተ! እኒያ ሰውዬ ስንት ደም አድርቀዋል፣ ስንት ባላንጣ አስታርቀዋል፤ ሰው ሲያያቸው ከመቀመጫው የሚነሣላቸው ናቸው። ላብ በግንባራቸው ሲወርድ፣ የጋቢያቸው ጥለት ጭቃ ሲጠርግ አየሁ። ምነው «ባዶ ነኝ» ብትል? ባዶ መሆን ነውር ነው? እዚህ አገር ማን ባዶ ያልሆነ አለ?

በመጨረሻ ጤፍ የጫነ አይሱዙ አነሣን። ሽማግሌዎቹ ከኩንታሉ ላይ ወጥተው፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ዘግይተን ደረስን። አያ የዘገየንበትን ምክንያት አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። የልጅቷ አባት አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡና፣ «ለመሆኑ ልጁም እንደ መኪናው ነው? አለኝ አለኝ እያለ ከመንገድ የሚያስቀር?» አሉ። ቀጠሮ አልቆረጡልንም።

ማክሰኞ ዲኤክሷን አስጎትቼ አንድ ልጅ እግር ኤሌትሪሺያን ጋ ወሰድኳት። ከሰርባቶዮው (ከነዳጅ ታንከሩ) የሚመጣውን ገመድ ነቀለው፤ እርስዎ ወደ ባዶ ወረዱ። ገመዱን ከቦዲው ጋር ቢያነካካው እስከ ሙሉ ድረስ ተነሡ። «መርፌው ጤነኛ ነው፣ የሚዋሸው ከታች ያለው ነው» አለኝ። እንግዲህ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ እርስዎ የተነገረዎትን የሚያነብ ቃል አቀባይ ኖረዋል። (የዛሬ ሁለት ዓመት «መርፌው ሞቷል» ብሎ ሌላ ጌጅ የሸጠልኝ ጋራዥ ግን ገንዘቤን ይመልስ።)

የባትሪውን ገመድ ፈታ፣ ሲጋራ የያዘውን ሁሉ አባረረ፤ ባዶ ሰርባቶዮ ትነት ስለሚይዝ ከሙሉው ይብሳል። ብሎኖቹን ፈቶ ክዳኑን ሲያወጣ ጉዱ ወጣ። ተንሳፋፊዋ ቤንዚኑ ሲወርድ ክንዷን ይዛ መውረድ ነበረባት፤ ክንዷ ግን በዝገት ተነክሳ መሐል ላይ ተገትራለች፣ ልክ ስብሰባ ላይ እንደሚያንቀላፋ ሰው። ጫፏ የምትንሸራተትበት ሽቦም ጠቁሯል። ብርጭቆ ወረቀት ላቀብለው ስል እጄን መታኝ፤ ሽቦው እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ከተፋቀ ይበጠሳል አለ። በአልኮል በነካ ጨርቅ ቀስ እያለ ጠረገው። ተንሳፋፊዋን ጆሮው ላይ ነቀነቃት፣ ውስጧ የሚንቦጫረቅ የለም፤ አልተበሳችም። ጓርኒሲዮኑን (የክዳኑን ማሸጊያ) ቀየረ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ቁልፉን አዞርኩ።

ባዶ! በሁለት ዓመት የመጀመሪያው እውነት።

ይህን የምጽፍልዎ ከሰልፉ ላይ ነው፣ ከፊቴ 41 መኪና አለ። ኔትወርክ ጠፍቷል ተብሎ ክፍያ ቆሟል።

ግልባጭ፦
ለሰርባቶዮ
ለአያ፣ ከአንድ አዲስ ጋቢ ጋር
ለልጅቷ አባት፣ የጥገናው ደረሰኝ ተያይዟል