ቁርስ ትቼ ደረጃ ወጣሁ
ክብደት ለመቀነስ «ስፖርት በጀመራችሁበት ቀን ምግቡንም ቀንሱ» የሚለው ምክር ከበሽታ ለተነሳ ሰው አይሆንም። የሳንባ ምች ጥሎኝ እናቴ ሁለት ወር በገንፎና በአጥሚት ስታስታምመኝ 6 ኪሎ ጨመርኩ። በእልህ ቁርስ ትቼ ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ወጣሁ፤ ገና ሦስት ረድፍ ሳልጨርስ ዓይኔ ጨለመና የማላውቀው ልጅ ጃኬት ላይ ተንጠለጠልኩ (ይቅርታ ወንድሜ)። ተኝቶ የከረመ ሰው ጡንቻው ይሳሳል፤ እሱን የሚመልሰው እንቁላልና ምስር እንጂ ረሃብ አይደለም። እኔ የቀነስኩት ዘይቱን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። «ጾሙ ራሱ ያከሳል» የምትሉ ደግሞ፣ የጾም ወጥ ላይ ዘይቱ ሲንሳፈፍ አላያችሁም እንዴ? አሁን እስከ ታክሲ ተራ 20 ደቂቃ በእግሬ ነው፤ በአራት ወር 3 ኪሎ ወርዷል።