ምስጋና ለምጽአት አከፋፋዮች

ሰሞኑን ያቺ ቪዲዮ ያልደረሰችው ሰው ካለ ዳታው መብራቱን ይፈትሽ። ቀይ ፕላኔት ምድርን ሊገጭ እየመጣ ነው። ከኋላ ዋሽንት ያለቅሳል። ድምፁን ያወፈረ ሰው «ናሳ የደበቀው ጉድ!» ይላል። ፎቅ ይፈርሳል፣ ሰው ይሮጣል። ወዴት እንደሚሮጥ አልተነገረንም። መጨረሻ ላይ «ለ10 ሰው ሳትልኩ እንዳታልፉ»።

እኔ ግን ላኪዎቹን ማመስገን እፈልጋለሁ። ጽናታችሁ ይገርመኛል። ኒቢሩ የምትባል ፕላኔት እ.ኤ.አ. በ2003 ትመጣለች አላችሁ፤ ቀረች። ለ2012 ተቀጠረች፤ ቀረች። በ2017ም እንደዚያው። ይህን ሁሉ ቀጠሮ አፍርሳ እንኳ አልተቀየማችኋትም። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ለትዳራችሁም ይስጣችሁ።

ከሁሉም የማደንቃቸው ግን አንድ አከራይ አሉ። ማታ በግቢው ግሩፕ ቪዲዮዋን ለቀቁና «ልጆቼ፣ ንስሐ ግቡ። ጳጉሜን አናልፋትም» አሉ። ጠዋት በሬን አንኳኩ። ከመስከረም ጀምሮ ኪራይ 3 ሺህ ብር ጨምሯል።

«ጋሼ፣ ጳጉሜን ላይ እናልቅ የለም እንዴ?»

«እሱ የእግዜር ሥራ ነው። ኪራዩ የኑሮ ውድነት ነው።»

የ6 ወር ቅድሚያም ይፈልጋሉ። ግቢው ጥግ ላይ ሌላ ሰርቪስ ቤት እያሠሩ ነው። ብሎኬቱ ተራግፏል፣ ሲሚንቶው ዝናብ እንዳያገኘው በሸራ ተሸፍኗል። ዕቁባቸው ኅዳር ላይ ይደርሳቸዋል። ዕጣውን ሽጡልኝ ብላቸው እንደ ሌባ አዩኝ። የልጃቸው ሠርግ ለጥር ነው፤ ለድንኳኑ ቀብድ ተከፍሏል። ቧንቧው ላይ ደግሞ በዚያው ቀን «ውሃ አታባክኑ፣ ለነገ ያስፈልጋል» የሚል ወረቀት ለጠፉ። እምነት ማለት ይኼ ነው! ዓለም ትጠፋለች፤ ሰርቪሱ ግን ይከራያል።

ለመሆኑ ሁለት ፕላኔቶች ቢጋጩ ምን ይሆናል? ተጋጭተውም ያውቃሉ። ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ቴያ የሚሏት ማርስን የምታክል አካል ጨቅላዋን ምድር ሳትገጫት እንዳልቀረች ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ፍጥነቷ በሰከንድ ከ9 ኪሎ ሜትር የሚያንስ አይመስልም። ከአዲስ አበባ አዳማ በ10 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ድንጋዩ ቀለጠ፣ ከፊሉም ተነነ። ወደ ሰማይ የተረጨው ፍርስራሽ ተሰብስቦ ጨረቃ ሆነ። በእንዲህ ያለ ግጭት የሚሮጥ ሰው የለም፤ ኔትወርክም አይኖርም። ደግሞ ያን የሚያህል ነገር ሳምንት ብቻ ቢቀረው ከአጥቢያ ኮከብ በላይ ደምቆ ገበሬው ከደጁ ያየው ነበር። ሰማይ እንደ ሲሚንቶ በሸራ አይሸፈንም።

ጎረቤቴ እማማ ግን ይህን ማን ይንገራቸው? ቪዲዮዋን ካዩ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። «ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል?» ብለው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊተዉት ነበር። ሪያድ ያለችው ልጃቸው በሌሊት እያለቀሰች ደወለች። ቪዲዮዋን የሠራው ሰው ውሸት መሆኑን ያውቃል። እያወቀ፣ ለእይታ ብሎ፣ የሰው እናት ያስለቅሳል። ነውር ነው። ዓይን ያወጣ ነውር!

የውጭዎቹ ደግሞ ይህን ሙያ አያውቁበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት፣ ከእኛ 1,800 የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቅ ኮከብ ዙሪያ ሁለት ግዙፍ ፕላኔቶች ሳይጋጩ እንዳልቀሩ ተነገረ። ለዚህ ፍንጭ የሰጠው አንድ አማተር የሰማይ ተመልካች በማኅበራዊ ሚዲያ የጻፈው አስተያየት ነው። ሰውዬው መረጃ አገላብጦ፣ ኮከቡ ቀደም ብሎ በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን በማያየው የሙቀት ብርሃን፣ ደምቆ እንደነበር አይቶ ነው የጻፈው። ዋሽንት እንኳ አላስገባበትም። ደካማ!

ለቀጣዩ ዙር ሥራ ላቅልላችሁ። አፖፊስ የተባለ አስትሮይድ (በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር የጠፈር ድንጋይ) ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ አርብ ለቅዳሜ ሌሊት፣ ከምድር ገጽ 32 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያልፋል። ፕላኔት አይደለም፣ ወርዱ 400 ሜትር አይሞላም፣ አይነካንምም። ይህ ደግሞ መቼ አግዷችሁ ያውቃል? ብቻ ቪዲዮው ላይ ይህቺን አትርሱ፦ ሳምንቱ የፋሲካ ነው፣ አርቡም ይበላበታል። ቅርጫ የምትገቡ ከአሁኑ ተመዝገቡ።