የሽንት ቤት በር በ«አብሽሪ» አይዘጋም

ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከጦሳ የሚወርደው ነፋስ ግቢያችን ውስጥ የተሰቀለውን መጋረጃ ከግድግዳ ጋር እያላተመ እንቅልፍ ነሥቶኛል። መጋረጃው የመስኮት አይደለም፤ የሽንት ቤታችን በር ነው።

ደሴ ውስጥ ስምንት ቤተሰብ በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። ሽንት ቤቱ አንድ ነው። በሩ የቆርቆሮ ነበር፤ ዝገት የበላው፣ ሲከፈትም ሲዘጋም የሚያቃስት፣ ግን በር። ባለፈው ግንቦት አከራያችን ከዋናው ቤት ጎን አንዲት ክፍል ጨምረው ለኪራይ ሲያዘጋጁ ቆርቆሮ አነሳቸውና የሽንት ቤቱን መዝጊያ ነቅለው ለአዲሷ ክፍል ጣሪያ አደረጉት። መቃኑ ብቻ ቀረ። «ለሳምንት ነው» ተባልን። ግንቦት አለፈ፣ ክረምቱ ከነጭጋጉ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፤ ይኸው ጥቅምት ተጋመሰ። በዚህ መሃል ኪራዩ 500 ብር ጨምሯል። እሱ ለሳምንት እንኳ አልዘገየም።

ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር የምሰማው አንድ ቃል ነው፤ «አብሽሪ፣ ልጄ።» ወሎ ያደገ ሰው የዚህን ቃል ክብደት ያውቃል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልቅሶ ቤት ገብቶ፣ የታመመ ጠይቆ የሚለው ቃል ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ትከሻዬን ይዘው «አብሽሪ» ያሉኝን ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁም። የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። ለሐዘንተኛ ማጽናኛ የተሰጠን ቃል፣ ሁለት ማጠፊያና አንድ ቆርቆሮ ላለመግዛት መሸሸጊያ ሲሆን ማየት ያማል።

ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ መጋረጃውን የመሥራት ዕዳ እኔ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ቀድጄ ገጣጠምኩና በሲባጎ ከመቃኑ ላይ ሰቀልኩት። በሁለተኛው ቀን ሲባጎው መሃሉ ላይ ረገበ፤ ጆንያው ልክ የመቃኑን ወርድ ያህል ስለነበረ በግራም በቀኝም ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ተፈጠረ። ውስጥ የተቀመጠ ሰው በዚያ ክፍተት ቧንቧውን ያያል፤ ቧንቧው ጋ ያለውም እሱን ያየዋል። ሽንት ቤታችን የተሠራው በትክክል ከቧንቧው ፊት ለፊት ነውና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ደግሞ ግቢው በሙሉ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው እዚያው ነው።

አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ሲባጎውን ትቼ የብረት ቱቦ ገዛሁ፤ ጨርቁንም ከመቃኑ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ስንዝር እንዲተርፍ አድርጌ ወፍራም ሸራ ቆረጥኩ። ነፋሱ እንዳይገልበው ደግሞ ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ እግር ረጅም ቀጭን ከረጢት ሰፍቼ፣ የታጠበ አሸዋ ሞልቼ ከጫፉ ጋር አያያዝኩት። አሸዋው ወደ አንድ ጥግ እንዳይሰበሰብ በየስንዝሩ በመርፌ ከፋፈልኩት። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሥራ ነበር። እጄ የለመደው ሥራ ስለሆነ ከልቤ ነው የሠራሁት። የተቸገረ ሰው ካለ ይህንኑ ይሥራ፤ ከምንም ይሻላል።

ክረምቱ ሲገባ ግን ሸራው ውሃ ጠጣ፣ ከበደ፣ ጭቃ ተረጨበት፣ ሸተተ። ጭቃው እንዳይነካው ጫፉን አራት ጣት ከፍ ሳደርገው እግር መታየት ጀመረ። አሁን በግቢያችን ማን እንደገባ የሚታወቀው በጫማው ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያላት ጎረቤቴ፣ ልጇ ወር አበባዋ በመጣ ቁጥር እስኪጨልም ድረስ ከክፍሏ እንደማትወጣ እያለቀሰች ነገረችኝ። ልጅቷ በእነዚያ ቀናት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ እንኳ አትጠጣም። ይህን ከሰማሁ በኋላ የሠራሁት መጋረጃ ለዓይኔ አስጠላኝ።

መጨለሙም ቢሆን አይሸሽግም። አንድ ማታ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ቀና ስል ሸራው ላይ የአንዲት ጎረቤቴ ጥላ ተሥሏል፤ ጎንበስ ስትል፣ ቀሚሷን ስትሰበስብ፣ ሁሉም ነገር። የስልኳን መብራት ከኋላዋ ግድግዳ ላይ አስደግፋዋለች፤ ብርሃኑ እሷን አልፎ ሲመጣ ጥላዋ መጋረጃው ላይ ያርፋል። እኔም ለወራት እንደዚሁ ሳደርግ ነበር! በማግስቱ ከመጋረጃው በላይ፣ ከመቃኑ ውስጠኛ ጎን ምስማር መትቼ መብራት ማንጠልጠያ አደረግሁ። መብራቱ በሰውየውና በመጋረጃው መካከል ሲሆን ጥላው ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። በመጋረጃ የምትኖሩ ሁሉ ዛሬውኑ ይህን አስተካክሉ።

ከባቲ ገበያ የመጣ ሰሌንም ሞክረናል። ለሁለት ሳምንት ያህል አምሮ ታየ፤ ከዚያ እርጥበቱ አበሰበሰው።

ሰው መኖሩን ማሳወቂያም አበጅተን ነበር። ቢጫ ጀሪካን መንገዱ መታጠፊያ ላይ ከተቀመጠ ሰው አለ ማለት ነው። ልጆች እየወሰዱ ይጫወቱበታል፤ ውሃ የቸገረው ሰው አንስቶ ይቀዳበታል። የቀረን ሳል ነው። የሚመጣው ያስላል፣ ያለው ይመልሳል። ግቢያችን ውስጥ «አያ» እያልን የምንጠራቸው ጆሯቸው የደከመ አዛውንት አሉ። አንድ ማለዳ ለውዱእ ሲቸኩሉ እኔ ሳልኩ፣ እንደገና ሳልኩ፣ ጮህኩም፤ አልሰሙም። መጋረጃውን ገለጡት። ያኔ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ድንጋጤ መቼም አልረሳውም። ኩስኩስታቸው ከእጃቸው ወድቆ ውሃው ፈሰሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት እኔ ቧንቧ ጋ ካለሁ ዞረው በዋናው ቤት ጓሮ ይሄዱ ነበር። ልጃቸውን የምታህል ሴት አይተው ያፈሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዓይናቸውን ሰብረው የኖሩ ሰው! እኔም ተዋረድኩ፣ እሳቸውም ተዋረዱ። ጥፋቱ የማናችንም አልነበረም።

«ገጠር ሳለን በር ነበረን እንዴ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔም ገጠር ነው ያደግሁት። ገጠር ርቀት አለ፤ ገደል አለ፣ ቁጥቋጦ አለ፣ የማሽላ አገዳ አለ። ሰው ሲሄድ የሚያየው የለም፤ ያየም ፊቱን ያዞራል። እዚህ ግን ስምንት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ ዙሪያ ነው። ርቀቱን ከተማው ከወሰደብን በምትኩ የሚሰጠን በር ነው።

በር የሌለው ሽንት ቤት ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩም አይደለም። በዛሬዋ ዚምባብዌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራ ብሌር የሚባል የጉድጓድ ሽንት ቤት አለ። ግድግዳው እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ዞሮ ይገባል፤ ሰው ግድግዳውን ተከትሎ ታጥፎ ስለሚገባ ውጭ የቆመ ምንም አያይም። በር ያልተደረገለትም ታስቦበት ነው። ውስጡ ሁልጊዜ ጨለም ስለሚል ዝንቦቹ ብርሃን ወደሚታይበት የአየር ማስወጫ ቱቦ ይወጣሉ፤ ቱቦው አፍ ላይ ያለው ወንፊት ያስቀራቸዋል። በር ቢኖረውና ተከፍቶ ቢረሳ ብርሃን ገብቶ ይህ ሁሉ ይበላሻል። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ሌላው ሰው ነውር አስቧል ማለት ነው። እኛ ጋ ከመቃኑ ፊት ለፊት መታጠፊያ ግድግዳ እናቁም ብለን ለካን፤ የፍሳሹ ቦይ በዚያ ስለሚያልፍ ቦታ አጣን።

ከሁሉም የከበደኝ የእናቴ ነው። ባለፈው ወር ከኩታበር ለሕክምና መጥታ አራት ቀን እኔ ጋ አደረች። በመጀመሪያው ቀን ሽንት ቤቱን አሳየኋት። መጋረጃውን በእጇ ዳሰሰችው፣ ስፌቱን አየች፣ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቡና አቀርባለሁ፣ አንድ ስኒ ቀምሳ ትተዋለች። አቦሉን ይዛ ሦስተኛውን ሳትጠጣ የማትነሳ ሴት! ሻይ ስላት «አልጠማኝም»፣ ውሃ ስላት «አልጠማኝም»። ሐኪሙ ውሃ በደንብ ጠጪ ያላት ለኩላሊቷ ነው። በሦስተኛው ሌሊት ነቅታ ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ ሰዉ ሁሉ እስኪተኛ እየጠበቀች ነበር። ነጠላዬን ይዤ አብሬያት ወጣሁና መጋረጃው ፊት ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ነጠላውን በሁለት እጄ ዘርግቼ ቆምኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከውስጥ ሆና «ይቅርታ፣ ልጄ» አለችኝ። እሷ ይቅርታ ጠየቀች! በሩን የነቀለው ሰው አንድም ቀን ያላለውን እናቴ አለች።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት የመከበር መብት ደንግጓል። ከዚያ ትልቅ ሰነድ እስከ እኛ ግቢ ያለውን መንገድ የሚያሳጥር ሰው ካለ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን ለአከራዮች ሁሉ፣ ለእኔም አከራይ ጭምር ፊት ለፊት የምለው ይህን ነው፦ ከስምንት ቤት ኪራይ እየተቀበሉ የሽንት ቤት በር መንቀል የቤት እድሳት አይደለም፤ ሰው ማዋረድ ነው። አዲሷ ክፍል የምታስገባው ገንዘብ የስምንት ቤተሰብ ነውር ተገልጦ የተገኘ ነው።

ትናንት ተከራዮቹ ተሰብስበን ገንዘብ አዋጣን። አያም ቀድመው አወጡ። ዛሬ ሰኞ ገበያ ወርጄ ሁለት ማጠፊያና በውስጥ በኩል የሚዘጋ አንድ መቀርቀሪያ ገዝቻለሁ። ለአዲስ መዝጊያ አናጢው የጠየቀን ዋጋ ካዋጣነው በላይ ሆነብን። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያገለገለ የቆርቆሮም ሆነ የእንጨት መዝጊያ የሚሸጥ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ትንሽ ቢበልጥ እንቆርጠዋለን። የእናቴ ቀጠሮ ኅዳር 3 ነው።