ኢምፕላንት ልታስወጣ የመጣችው ሴት ባዶ እጇን አትመለስ

አንዲት ሴት በክንዷ ቆዳ ሥር የተቀበረውን የእርግዝና መከላከያ ዘንግ፣ ኢምፕላንት፣ ለማስወጣት ወደ ጤና ጣቢያ ትመጣለች። አዋላጅ ነርሷ ዘንጉን በጣቷ ዳስሳ ታገኘዋለች፤ ቦታውን ታጸዳለች፤ ከዘንጉ ጫፍ ሥር ጥቂት ሊዶኬይን የተባለ ማደንዘዣ ትወጋለች፤ 2 ሚሊሜትር ያህል ሰንጥቃ ዘንጉን ወደ ቀዳዳው ገፋ ታደርግና በመቆንጠጫ ትስበዋለች። ክንዱ በፋሻ ይታሰራል፣ መዝገቡ ይሞላል፣ ሴትየዋም ትሄዳለች። ብዙዎቹ ዳግም ወደ ጤና ባለሙያ የሚቀርቡት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነው።

በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ጊዜ የማንም አይደለም። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ሥራዬን ጨርሻለሁ ይላል፤ የቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍሉ ገና አልጀመረም። ለጽንሱ ከሁሉ የከበደው ወቅት ግን በዚህ ክፍተት ውስጥ ያልፋል።

ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። ወደ ፊት አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ተጠቅልሎ ይዘጋል። ያኔ የእናትየው የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ብዙዋ ሴት «ዘግይቶብኝ ይሆናል» ከማለት አላለፈችም። ቱቦው ከታች ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል፤ ብዙ ጊዜም ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፣ እግሩ ይዝላል፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል። ከላይ ካልተዘጋ የራስ ቅሉና አንጎሉ ሳይሠሩ ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለ ልጅ አያድግም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ይህ ችግር በአገራችን ከብዙ አገሮች በላይ እንደሚታይ ደጋግመው አሳይተዋል።

የእርግዝና ክትትላችን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የት ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ቢያንስ አንድ ጊዜ ክትትል ያደረጉት እናቶች 74 በመቶ ሲሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት 28 በመቶ ብቻ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ክትትሉን ከአራት ወደ ስምንት ከፍ አድርጎ የመጀመሪያውን እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን መክሯል፤ አገራችንም ስምንቱን ተቀብላለች። መልካም ነው። ነገር ግን በ12ኛው ሳምንት በሰዓቷ የመጣች ሴት እንኳ ለዚያ ቱቦ ከአንድ ወር በላይ ዘግይታለች። ቁጥሩን ወደ ስምንት ማሳደግ ይህን ክፍተት አይደፍነውም።

የሚደፍነው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት። ቀድሞ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ወይም ጽንስ ለነበራት ሴት መጠኑ ወደ 4 ወይም 5 ሚሊግራም ከፍ ይላል፤ ይህን ሐኪም ያዝዘዋል። እዚህ ላይ የመከላከያ ዓይነቶቹ ልዩነት ሊታወቅ ይገባል። የሦስት ወር መርፌ ያቆመች ሴት ለማርገዝ ብዙ ወራት ሊወስድባት ስለሚችል ጊዜ አላት። ኢምፕላንት ያስወጣች ሴት ግን ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ከደሟ ስለሚጠፋ በዚያው ወር ልታረግዝ ትችላለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላንት እንዲቀብሩ መሠልጠናቸው አገልግሎቱን እስከ ገጠር ጤና ኬላ አድርሶታል። ልታስወጣ የምትመጣዋን ሴት የመቀበሉ ኃላፊነት ደግሞ በአብዛኛው የጤና ጣቢያ ነርሶችና አዋላጆች ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጥያቄ ነው፦ ለምን ማስወጣት ፈለጉ? ጥያቄው ምርመራ እንዳይመስል አጠያየቁ ለስለስ ይበል። ደም እየፈሰሰ ያስቸገራት አለች፤ ጊዜው ያለቀባት አለች፤ ልጅ የፈለገች አለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሌላ መከላከያ ይመረጥላቸዋል። ሦስተኛዋ ዛሬውኑ ፎሊክ አሲድ መጀመር አለባት፤ ፈቃደኛ ከሆነች ለአንድ ወር ኮንዶም ይሰጣታል። «መጀመሪያ ኪኒኑን ጨርሰሽ ነይ» ብሎ ኢምፕላንቱን ሳያወጡ መመለስ ግን ፈጽሞ አይገባም። ማስወጣት መብቷ ነው፤ በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ምክር ደግሞ ሴቶችን ከጤና ጣቢያው ያርቃል።

በእጃችን የሚገኘው ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለው 60 ሚሊግራም አይረን (የብረት ማዕድን)ና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ በአንድ ላይ የያዘው ነው። የሚፈለገው ፎሊክ በውስጡ አለ። ችግሩ አወሳሰዱ ላይ ነው። በባዶ ሆድ ተውጦ ያቅለሸልሻል፤ ሰገራ ያጠቁራል፤ ሆድ ያደርቃል። ይህ ቀድሞ ያልተነገራት ሴት ሦስተኛው ቀን ላይ ትተወዋለች፤ ልትወቀስ አይገባም። ማታ ከራት በኋላ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ትውሰደው። ቡና፣ ሻይና ወተት አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል፤ ስለዚህ ከኪኒኑ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቁ። ቡናውን ተዪ ማለት ግን አይሠራም፤ ከጎረቤት ጋር ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ቡና በነርስ ምክር አይቀርም። ሰዓቱን ማለያየት ይቻላል። ኪኒኑ ሕፃናት ከማይደርሱበት መቀመጥ እንዳለበትም ይነገራት፤ ብዙ አይረን የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ምግቡም ይነሳ። ጎመንን አብዝቶ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት በምግብ ውስጥ ያለውን ፎሊክ፣ ፎሌቱን፣ አብሮ መድፋት ነው። ምስርና ሽምብራ ጥሩ ናቸው፤ በእርሾ በደንብ የቦካ እንጀራም አይረኑን የሚይዘው ነገር ስለሚቀንስለት ይሻላል። ምግቡ ግን ለዚህ ጉዳይ ኪኒኑን አይተካም።

ከዚያ ቀጥሎ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ይጠየቁ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የምትወስድ ሴት ጥቂት አይደለችም፤ ይህ መድኃኒት የጽንሱን ኩላሊት ስለሚጎዳ እንደ ሜቲልዶፓ ወይም ኒፌዲፒን ባለ ሌላ መቀየር አለበት። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት የዚያኑ ቱቦ መዘጋት ያደናቅፋል። ሁለቱንም ነርሷ በራሷ አታስቁም። በተለይ ቫልፕሮኤት ድንገት ሲቆም ከባድ መንቀጥቀጥ ሊከተል ስለሚችል ወደ ሐኪም መላክ ነው ያለባት። ለኮሶ ትል ኮሶ የምትጠጣ ካለችም ከእንግዲህ እንዳትጠጣ ይነገራት።

የደም ግፊቷን በዚያው ቀን መለካት ትልቅ ትርጉም አለው። በእርግዝና አጋማሽ ግፊት በተፈጥሮው ዝቅ ይላል። በአምስተኛው ወር መጥታ ልክ ሆኖ የተገኘው ግፊት በስምንተኛው ወር 140/90 ሲደርስ፣ ድሮም የነበረባት ይሁን እርግዝናው ያመጣው መለየት አይቻልም። ከእርግዝና በፊት የተጻፈ አንድ ቁጥር ይህን ጥያቄ ይመልሳል። ግን በትክክል ይለካ፦ አምስት ደቂቃ ተቀምጣ ትረፍ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ እግሯን አታጣምር፣ ክንዷ በልቧ ልክ ይሁን፣ በልብስ ላይ አይታሰር፣ ሲለካ አታውራ። ለወፍራም ክንድ የጠበበ መጠቅለያ ከፍ ያለ የሐሰት ቁጥር ይሰጣል። ኢምፕላንቱ ከመውጣቱ በፊት ይለካ፤ የሊዶኬይን መርፌ ፍርሃት ግፊትን ከፍ ያደርጋልና።

የደም ዓይነትም እንዲሁ ነው። ሰው ሾተላይ የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ አርኤች ኔጌቲቭ ከማለት በዚህ ቃል ማስረዳት ይቀላል። ደሟ ኔጌቲቭ መሆኑን አስቀድማ ያወቀች ሴት በ28ኛው ሳምንትና ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው፣ ሾተላይን የሚከላከለው አንቲ ዲ መርፌ ወጪ እንዲዘጋጅ ጊዜ ታገኛለች። ጽንስ ቢወርድባትም መርፌው ሊያስፈልጋት እንደሚችል ታውቃለች።

የቀን አቆጣጠርም ከዚሁ ይጀምር፤ የወር አበባ የመጣበትን ቀን መጻፍ እንድትለምድ። ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን እስከ መውለጃው የሚቆጠረው 280 ቀን በኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ነው። መስከረም 1 የጀመረ የወር አበባ መውለጃውን ሰኔ 11 ያደርሰዋል። መሃል ላይ ጳጉሜን ካለች ግን 10 ሳይሆን 5 ይደመራል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች 4። የካቲት 20 የጀመረ ኅዳር 25 ላይ ይውላል። ጳጉሜንን የረሳ ባለሙያ አምስት ቀን ይስታል፤ ከ41ኛው ሳምንት ወዲያ ምጥ ይጀመርላት ወይስ ይጠበቅ በሚባልበት ጊዜ አምስት ቀን ብዙ ነው።

ሥራ ይበዛብናል የሚለው መልስ እውነት አለው፤ ሆኖም ከላይ ያለው ሁሉ የሩብ ሰዓት ጉዳይ ነው። ከሥራው ብዛት ይልቅ የሚያግደው አቅርቦቱ ነው። ፋርማሲው ኪኒኑን የሚጠይቀው በነፍሰ ጡሮች ቁጥር ብቻ ከሆነ ለቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ የሚተርፍ አይኖርም። ልጅ ፈልገው ኢምፕላንት የሚያስወጡ ሴቶች በጥያቄው ውስጥ ይቆጠሩ፤ ሳጥኑም ከፋሻውና ከሊዶኬይኑ ጎን ይቀመጥ።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። ብዙዋ ሴት ማርገዝ መፈለጓን እንኳ ለሰው አትናገርም፤ ቡዳውንም ሐሜቱንም ትፈራለች። ምክሩ በር ተዘግቶ ይሰጥ፣ ኪኒኑም በወረፋ ፊት በስም ተጠርቶ አይታደል። ለወር የሚሆን 30 ኪኒን፣ የመመለሻ ቀንና ትንሽ ወረቀት ይዛ ትውጣ። ወረቀቱ ላይ የወር አበባዋ የሚጻፍበት ቦታ ይኑር፤ ከሥሩም «በአንድ ሳምንት ከዘገየ ለሽንት ምርመራ ይምጡ» የሚል ይጻፍበት።