ተካዩ ጸደቀ

ዛፍ መቁረጥ ኃጢአት ነው ብላችሁ ላሳደጋችሁን ሁሉ የምሥራች አለኝ። ኃጢአት የሚሆነው ቆራጩ ማገዶ የቸገረው ባላገር ሲሆን ብቻ ነው። ቲሸርት አሳትመው፣ አውቶቡስ ተከራይተው፣ «ተፈጥሮን ወደ ቀድሞ ክብሯ እንመልስ» በሚል መፈክር ከቆረጡት ጽድቅ ነው።

ምክንያት ደግሞ ሞልቷል። ባህር ዛፍ መጤ ነው፤ ስሙ ራሱ ይመሰክርበታል። እርግጥ ነው፣ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ባሰቡበት ዘመን ከተማዋን ባለችበት ያቆያት እሱ ነው። ውለታ ግን ምን ያደርጋል? ከሥሩ ሣር አያስበቅልም፤ ምንጭ ዳር ሲተከል ውኃውን ይሻማል። ተቆርጦ በቦታው ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ይተካ የሚለውን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ። (ይህችን እንኳን የምር ነው።)

ባለፈው ክረምት እኔም ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር ወደ እንጦጦ ወጥቼ የጽድቁ ተካፋይ ሆንኩ። ባህር ዛፉ ቀድሞ ተቆርጧል፤ ጉድጓዱንም የቀን ሠራተኞች በዋዜማው ቆፍረውልናል። ለእኛ የቀረው ከባዱ ሥራ፣ ፎቶግራፍ መነሣቱ ነበር። አንድ ኃላፊ አንዲትን የጥድ ችግኝ ሦስት ጊዜ ተከሏት፤ አንዴ ለቴሌቪዥን፣ አንዴ ለፌስቡክ፣ አንዴ ደግሞ ዓይናቸውን ስለጨፈኑ። ከጎኔ የነበረው ባልደረባዬ ችግኙን ከነጥቁር ፕላስቲኩ ቀበረው። ፕላስቲኩ አይወጣም ወይ ብለው፣ «ሥሩን እንዳይበርደው ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከየት ይገኛል! ሪፖርቱ «የጽድቀት መጠን» የሚል ሣጥን ነበረው፤ እሱም ምሳ ሳይቀርብ እዚያው ተሞላ።

በጥር ብቻዬን ተመለስኩ። ጥዷ እንደ መጥረጊያ ደርቃ ቆማለች፤ ፕላስቲኩ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። አንድ ክንድ አለፍ ብሎ የባህር ዛፉ ጉቶ አለ። ዙሪያውን አሥራ አንድ ለጋ ቀንበጥ አብቅሎ፣ ብርማ ቅጠሉን በነፋሱ እያውለበለበ ተቀበለኝ። ባህር ዛፍ ጉቶው ካልተነቀለ ወይም ቡቃያው በየጊዜው ካልተለቀመ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ አጣና የሸጠ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ለመልቀሙ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚያ ሥራ ደግሞ እስካሁን ቲሸርት አልታተመለትም።

ከጉቶው አጠገብ ቅጠል የሚሰበስቡ እናት ቀና ብለው አዩኝ።

«በክረምት መጥታችሁ የተከላችሁት እናንተ ናችሁ እንዴ ልጄ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እግዜር ይስጣችሁ። ድሮ ቅጠል ፍለጋ እላይ ድረስ ነበር የምወጣው። አሁን ለጋው እዚሁ እጄ ላይ ደረሰልኝ።»