ድንክዬ ዶሮ «ጌጥ» ናት ያሉን ባለሙያ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ በተሰጠ የዶሮ እርባታ ሥልጠና አንድ ባለሙያ «ድንክዬ ዶሮ መኖ የምትጨርስ ጌጥ ናት፤ እንቁላሏም ከድርጭት አይሻልም» ብለው አለፉ። ተጨበጨበላቸውም። የድርጭት እንቁላል 10 ግራም ገደማ ነው፤ የድንክዬዋ 30 ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ሚዛን ላይ አንዴ ማስቀመጥ ይህን ያህል ይከብዳል? መኖውስ ቢሆን? ቦቫንስ የምትባለው የእንቁላል ዶሮ በቀን 110 ግራም ገደማ ስትበላ ድንክዬዋ በግማሹ ትጠግባለች።

ለእንቁላል ነጋዴ እንደማትሆን ማን ካደ? ከመንጋው የምትቀላቀለው እንድትታቀፍ ነው! ቦቫንስ ለእንቁላል ብቻ ተመርጣ የተዳቀለች ናት፤ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች እንጂ አትታቀፍም። መፈልፈያ ማሽኑ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ይህን ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ድንክዬዋ ቆጣሪ የላትም። 21 ቀን ሙሉ ሙቀቱንም ማገላበጡንም ራሷ ትችለዋለች፤ በቀን አንዴ ለ20 ደቂቃ ያህል ወርዳ በልታና ጠጥታ ትመለሳለች።

«ሞክረነው ከሸፈ» ባዮቹ ሳሶ ከሚባለው ትልቅ የዶሮ ዝርያ 10 እንቁላል ከሥሯ የሚያጭቁት ናቸው። ከ4 እስከ 6፣ በቃ! ሲበዛ የሚበላሸው ዳር ያለው ብቻ አይደለም፤ ስታገላብጥ ቦታቸውን ስለምታቀያይር ሁሉም በየተራው ይበርድና ሽሉ እውስጡ ይሞታል። አስቀድሞ በማይፈለግ እንቁላል ሁለት ሌሊት ትፈተን፤ ካልተነሳች ደህናውን በጨለማ መተካት ነው። በ7ኛው ቀን ማታ በሞባይል መብራት አይቶ የደም ሥር ያላወጣውን ማንሳት፣ ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን እጅን መሰብሰብ።

ከቅዳሜ ገበያ ገዝቶ በዚያው ማታ መቀላቀል ፈንግልን፣ ያንን ዶሮ ፈጂ በሽታ፣ እቤት መጥራት ነው። 30 ቀን ለብቻዋ፣ በራሷ መጠጫ ትቆይ፤ መጀመሪያ ነባሮቹ ይመገቡ፣ ከዚያ እሷ። ቀጥሎ አንድ ሳምንት በሽቦ እየተያዩ ይሰንብቱና ማታ ቆጥ ላይ ትቀመጥ፤ ብቻዋን ሳይሆን ሁለት ሦስት ሆነው። 3 ኪሎ ያለፈው የሳሶ አውራ ግን አይጠጋት፤ 700 ግራም በማትሞላ ዶሮ ላይ ሲወጣ ጀርባዋን ይልጠዋል።

እግራቸው ላባ የለበሰውን ዓይነቶች ደግሞ በክረምት ጣና ዳር አታምጡብን። ጭቃው ላባው ላይ ተጋግሮ እንደ ጫማ ይደርቃል፤ በዚያው እግሯ ጎጆዋ ገብታ እንቁላሉን ትለቀልቀዋለች። ባለሙያው እነዚህን «ጌጥ» ቢሉ ኖሮ አልከራከራቸውም ነበር።